በፖስታ የመጣልኝን ሌንስ ከጉምሩክ እንዴት እንዳወጣሁ

ከውጭ በፖስታ እቃ ሲመጣ ብዙ ሰው ሩጫ የሚጀምረው የጥሪ ወረቀት ከደረሰው በኋላ ነው። እኔ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ ከአንድ ግለሰብ ስገዛ ግን ዋናውን ሥራ የጨረስኩት ሻጩ ሣጥኑን ከማሸጉ በፊት ነው። ጉምሩክ መጀመሪያ የሚያየው ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ቅጽ ነው። ቅጹን የሚሞላው ላኪው ነው። ቀረጡን የሚከፍለውና የሚጉላላው ደግሞ ተቀባዩ። ስለዚህ ላኪው ምን እንደሚጽፍ ዝም ብዬ ማየት አልፈለግኩም።

ቅጹ ሁለት ዓይነት ነው። ሲኤን 22 ትንሿ ናት፤ ዋጋቸው እስከ 300 ኤስዲአር ለሆኑ ትናንሽ የፖስታ እሽጎች ታገለግላለች። ኤስዲአር ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሂሳብ መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ ፖስታ ቤት ወደ አገሩ ገንዘብ ይመነዝረዋል። ዋጋው ከዚያ ካለፈ ሲኤን 23 ይሞላል። እሱ ሰፋ ይላል። የእቃውን ዝርዝር፣ ብዛት፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ የተሠራበትን አገርና የተከፈለውን የፖስታ ሒሳብ ይጠይቃል። ሁለቱም የዓለም አቀፉ ፖስታ ኅብረት ቅጾች ናቸው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ ያለ ስለሆነ ቅጾቹን የማያውቅ ፖስታ ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ለሻጩ የሚገለብጠውን ጽሑፍ ራሴ አዘጋጅቼ ላክሁለት፤ «ያገለገለ የካሜራ ሌንስ፣ 1 ፍሬ» ከነሞዴሉና ከነተከታታይ ቁጥሩ። ከሥሩ 9002.11 የሚለውን የኤችኤስ ኮድ ጨመርኩ። ይህ ኮድ በዓለም የጉምሩክ ድርጅት የእቃ አመዳደብ መሠረት የካሜራ ሌንስ የሚገባበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች አመዳደቡን በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራል። «ኤሌክትሮኒክስ» ወይም «የካሜራ እቃ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ድፍን ያለ መግለጫ ሠራተኛውን ሣጥኑን እንዲከፍት ይጋብዘዋል።

ሌላው ነገር ዲጂታል መረጃው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በኅብረቱ ደንብ መሠረት እቃ ያለበት የፖስታ እሽግ ሲላክ የቅጹ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ቀድሞ ለተቀባዩ አገር መድረስ አለበት። በእጅ ተሞልቶ ካውንተር ላይ የሚሰጥ ቅጽን የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ እንደገና ይተይበዋል። እዚያ ላይ ስም ይሳሳታል፣ ዜሮ ይጎድላል። ሻጩን ኦንላይን እንዲሞላው ለመንኩት። ስሜን ልክ መታወቂያዬ ላይ እንዳለው፣ ስልኬንም ከነአገር ኮዱ እንዲያስገባ ነገርኩት።

ሻጩ ደግ ሰው ነበር። «ስጦታ ብዬ ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ልጻፍልህ?» አለኝ።

«ተው፣ የከፈልኩህን ጻፍ» አልኩት።

ጻድቅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ስጦታ የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ በራሱ ቀረጥ አያስቀርም። ለስጦታ እፎይታ የሚሰጡ አገሮች አሉ፤ ግን የዋጋ ጣሪያ አለው፣ የተከፈለበትም እቃ ስጦታ አይባልም። ሣጥኑ ቢጠፋ ደግሞ ካሳ ስጠይቅ ፊቴ የሚቀርበው ያው ዝቅ ብሎ የተጻፈው ዋጋ ነው። ጉምሩክ የክፍያ ማስረጃ አምጣ ቢለኝስ? የባንኩ ወረቀት ሌላ፣ ቅጹ ሌላ ይሆናል። ያ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የተሰጠ ሐሰተኛ መግለጫ ነው። ቅጣት አለው፤ ከባሰም እቃው ይወረሳል።

በቸርነቱ ላይ ትርፍ ባትሪ ሊጨምርልኝም ፈልጎ ነበር። እሱንም አስቀረሁት። ብቻውን የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ በዓለም አቀፍ ፖስታ አይላክም፤ የሚፈቀደው ዕቃው ውስጥ ተገጥሞ ሲሆን ነው፣ እሱም በገደብ። አንዲት ባትሪ ጠቅላላ ሣጥኑን ታስቆማለች።

የሽያጭ ደረሰኙን አንድ ቅጂ ውስጥ፣ አንድ ቅጂ ውጭ በላስቲክ ኪስ አደረገው። ሣጥኑንም ተከፍቶ መልሶ በሚታሸግበት መንገድ አሸገው። ጉምሩክ የመክፈት ሥልጣን አለው። በስኮች ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የመጣ ነገር በቢላ ነው የሚከፈተው፣ ሌንስ ደግሞ ቢላ አይወድም።

ከዚያ ክትትል። የፖስታ መከታተያ ቁጥር 13 ምልክት አለው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው አገር ሁለት ፊደል። በሲ (C) የሚጀምረው የጥቅል፣ በአር (R) የሚጀምረው የሪኮማንዴ፣ በኢ (E) የሚጀምረው የኢኤምኤስ፣ ማለትም የፈጣን ፖስታ ነው። «ለጉምሩክ ቀረበ» ካለ በኋላ ገጹን እየደጋገሙ መክፈት ትርፉ ድካም ነው። በዚህ ጊዜ ውሳኔው ከፖስታ ቤቱ እጅ ወጥቷል፤ ፖስታ ቤቱ አቅራቢ ብቻ ነው። ካውንተር ላይ ካለችው ልጅ ጋር መጨቃጨቅም የትም አያደርስም። እኔ ያንን ጊዜ ሂሳብ ለመሥራት ተጠቀምኩበት።

ሂሳቡ ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይነት አይደለም። በብዙ አገሮች ቀረጥ የሚሰላው በእቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተደምሮበት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ ቀረጡም ተጨምሮ በሚገኘው ላይ ይታሰባል። እቃው 100፣ ፖስታው 20 ቢሆን፣ ቀረጡ 10 በመቶ፣ ታክሱ 20 በመቶ እንበል። ቀረጡ 12 ይሆናል። ታክሱ በ132 ላይ ስለሚሰላ 26.4 ይመጣል። ድምሩ 38.4 ነው፣ ሰው በጭንቅላቱ የሚይዘው 30 አይደለም። ፖስታ ቤቱም እቃውን ለጉምሩክ ያቀረበበትን የአገልግሎት ክፍያ ሊጨምር ይችላል። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ካውንተር ላይ አይደነግጥም።

ያም ሆኖ እቃው ተያዘ። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ላይ ያየችው የአዲሱን ሌንስ ዋጋ ነበር።

«ወንድሜ፣ ይሄ በዚህ ዋጋ አይገኝም እኮ።»

«አዲስ አይደለም። ከፍተው ይዩት።»

ወረቀቶቼን ዘረጋሁ። የሽያጩ ማስታወቂያ ከነፎቶው፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍነው፣ የባንክ ክፍያው፣ የፖስታ ደረሰኙ። ፎቶው ላይ የሚታየው ጭረት ሌንሱ ላይ ነበር፤ ተከታታይ ቁጥሩም ገጠመ። ከክርክሩ ይልቅ የሠራው ይህ መግጠም ነው። በተከፈለው ዋጋ ተቀበለችኝ።

ባትቀበለኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አስቤበት ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ትመና ስምምነት በአባል አገሮች የሚሠራ ሲሆን፣ መነሻው የተከፈለው ወይም የሚከፈለው ዋጋ ነው። ጉምሩክ ከተጠራጠረ ተጨማሪ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል። አስመጪው ደግሞ በጽሑፍ ከጠየቀ ዋጋው እንዴት እንደተተመነ በጽሑፍ ማብራሪያ ማግኘት መብቱ ነው፤ አንቀጽ 16 ይህን ይላል። አንቀጽ 11 ይግባኝ ያለ ቅጣት እንዲቻል ያደርጋል። አንቀጽ 13 ደግሞ የመጨረሻው ዋጋ እስኪወሰን፣ ዋስትና ከተያዘ፣ እቃው እንዲወጣ ይፈቅዳል። ድምፅን ከፍ ከማድረግ «ማብራሪያውን በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ይሻላል። በትሕትና ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሠራል።

ከፍዬ ስጨርስ ቀረጥ፣ ታክስና የፖስታ ቤቱ ክፍያ ተለያይተው የተጻፉበት ደረሰኝ ጠየቅኩ። ሣጥኑ በጉምሩክ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ስለነበር ሳልፈርም እዚያው ከፈትኩት። ጉዳት ቢኖር ቦታው ላይ ማስመዝገብ ይሻላል፤ ቤት ከደረሱ በኋላ ማን እንደሰበረው ማስረዳት ይከብዳል። እቃው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ላኪው በፖስታ ቤቱ በኩል ማመልከት የሚችለው እቃው ከተላከ ማግስት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው።

የቀረጡን ደረሰኝ ሌንሱ እስካለ ድረስ አልጥለውም። ተከታታይ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ጽፌበታለሁ። ሌንሱ አንድ ቀን ለጥገና ወደ ውጭ ቢላክ፣ ሲወጣ ለጉምሩክ አስመዝግቤ ይህን ወረቀት አያይዛለሁ፤ ሲመለስ እንደ አዲስ ግዢ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት።