ፓሙካሌን በመቃብሩ በኩል ግቡ

ቱርክ ሄዶ ፓሙካሌን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ነጩ ተራራ ነው። እኔ በሰሜኑ በር ግቡ እላለሁ። በዚያ በኩል ቀድሞ የሚቀበላችሁ መቃብር ነው፤ ከአንድ ሺህ በላይ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ። ከነጩ ተራራ አናት ላይ ያለችው ጥንታዊ ሂራፖሊስ፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢያራ ከተማ የተባለችው፣ የፍል ውሃ ከተማ ነበረች። ፈውስ ፍለጋ ከሩቅ የመጣው ሁሉ ድኖ አልተመለሰም።

አንዱ መቃብር ላይ ብዙ ቆየሁ። ባለቤቱ ፍላቪዮስ ዜውክሲስ የሚባል ነጋዴ ነው። ያስቀረጸው ጽሑፍ፣ ማሌያ የተባለውን ክፉ የግሪክ የባህር ዳር ጫፍ እየዞረ 72 ጊዜ ወደ ኢጣሊያ በመርከብ መጓዙን ይናገራል። ከሞተ በኋላ እንዲታወስለት የፈለገው ያንን ነው። አንጀቴን በላው።

አለፍ ስትሉ ደግሞ ግድግዳውን ነጭ ድንጋይ የዋጠው መቃብር ታያላችሁ። የዋጠው ውሃው ነው። ፍል ውሃው 35 ዲግሪ ገደማ ሆኖ፣ ካልሲየምና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወጣል። አየር ሲያገኘው ጋዙ ይበናል፣ ኖራው ይዘቅጣል፣ ቆይቶም ድንጋይ ይሆናል። ነጩ ላይ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ስለሆነ ይሄን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። ገንዳው ውስጥ በጣቶቻችሁ መሃል የሚገባ ለስላሳ ጭቃ፤ ከገንዳው ውጪ ደግሞ ውስጥ እግርን የሚቆረቁር፣ ሽንትርትር ያለ ድንጋይ።

ያው ጋዝ ሰው ያስፈራም ነበር። ፕሉቶኒዮን ከሚባለው ዋሻ ይወጣል። ከአየር ስለሚከብድ መሬቱ ላይ ይተኛል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ስትራቦ ድንቢጦች ወርውሮ ወዲያው ሞተው መውደቃቸውን ጽፏል። በሬም ገብቶ አይወጣም ነበር። ካህናቱ ግን በሰላም ሲወጡ ሕዝቡ የአምላክ ሥራ ነው ይል ነበር።

እኔን የገረመኝ፣ ውሃውን የሚያወጣው የመሬት ስንጥቅ ከተማዋንም ደጋግሞ ማፍረሱ ነው። ጥንታዊው ገንዳ ውስጥ ስትዋኙ እግራችሁ ስር ያሉት የእብነ በረድ ምሰሶዎች በመሬት መንቀጥቀጥ የወደቁ ናቸው። አልጌ ስለያዛቸው ያንሸራትታሉ፤ ተጠንቀቁ። እዚያ ለመዋኘት የሚከፈለው ለብቻው ነው፤ እኔ ግን አልቆጨኝም።

ጉልበት ካላችሁ ከቲያትሩ በላይ ወዳለው ኮረብታ ውጡ። በሐዋርያው ፊልጶስ ስም በ5ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ፍርስራሽ እዚያ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶውን አንስቶ ከታች ይመለሳል። ለዚህ ቦታ ሙሉ ቀን ስጡት፤ ውሃም ያዙ፣ ላይ ጥላ የለም።