ነፋሱ ከጣና በኩል ነበር

ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ የሐር ትል ስመግብ የሆነ ነው። የእኛ ትል ኤሪ የሚባለው፣ ከህንድ የመጣው፣ ጉሎ በሊታው ነው። ለ4ኛ ጊዜ ቆዳውን ጥሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጠል አይበቃውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሚበላው አብዛኛውን የሚጨርሰው ያኔ ነው። የራሳችን ጉሎ አልቆ ከጫቱ እርሻ አጠገብ ካለው አጥር እንድንለቅም ታዘዝን።

ጥበቃው አባባ ጆንያውን ይዤ ሲያዩኝ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ይህን አትስጫቸው። ትናንት ከሰዓት ጫቱን ማላታይን የሚሉትን የተባይ መድኃኒት ሲረጩ ነፋሱ ከጣና በኩል ነበር፤ ሁሉም ጉሎው ላይ ነው ያረፈው። እኔ በጎቼን እንኳ ከሥሩ አንስቻለሁ።»

ሄጄ ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። ቀና ብለውም አላዩኝ።

«ጉሎ ራሱ መርዝ አይደለም እንዴ? ፍሬው ሰው ይገድላል፤ ትሉ ግን ቅጠሉን በልቶ ይሰባል። መርዝ የለመደን ነገር ማላታይን ምን ያደርገዋል?»

ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ዝምታዬ ነው። መልሱ እኮ አፌ ላይ ነበር፦ ጋሼ፣ ትሉ የለመደው ጉሎን ነው። ማላታይን የተሠራው ነፍሳትን ሊገድል ነው፣ የሐር ትልም የእሳት እራት ልጅ ነው። የጫቱን ተባይ የገደለ መድኃኒት የእኔን ትል ለይቶ ይምረዋል? ይህን ሳልል ቅጠሉን በየሰፌዱ በተንኩት።

ሳይመሽ መብላት አቆሙ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ግራና ቀኝ ይወዛወዙ ጀመር፣ አረንጓዴ ውኃ አስታወኩ፣ ከዚያ ሰውነታቸው እጥር እያለ ደረቁ። ኩኩን፣ ያን ራሳቸውን የሚጠቀልሉበትን የሐር ቤት፣ ሊሠሩ ጥቂት ቀን ነበር የቀራቸው። ከ12 ሰፌድ የተረፈው አንድ ነው፤ እሱም ጠዋት ከሐይቁ ዳር የመጣ ቅጠል የተሰጠው።

ሪፖርቱ ላይ «በሙቀት ምክንያት» ተብሎ ተጻፈ። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ።

የዚያች የአንዷ ሰፌድ ትሎች ኩኩናቸውን ሠሩ። የኤሪ ኩኩን ጫፉ ክፍት ስለሆነ የእሳት እራቷ ውስጡ ሳትቀቀል ትወጣለች፤ ሐሩም እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል። የአባባ ባለቤት ናቸው የፈተሉት።

አሁን ከአዲስ ቦታ ጉሎ ሲመጣ ለ20 ትል ብቻ ሰጥቼ እስከ ማግስቱ እጠብቃለሁ፣ የቀሩት ቢራቡም። ከዚያ በፊት ግን በር ላይ ቆሜ አባባን እጠይቃለሁ፦ ትናንት የረጨ ሰው ነበር? ነፋሱስ ወዴት ነበር?