የሚዶ ጥርስ የሚያወጣ ቪዲዮ፦ ኢንተርሌስድ ፋይሎችን እንዴት እንዳስተካከልኩ

ፋይሎቹ የተገኙት ከሚኒዲቪ የሰርግ ካሴቶች ነው። በፓል የቲቪ ሥርዓት የተቀረጹ፣ 720 በ576 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ናቸው። ሙሽሮቹ ቆመው ፎቶ ሲነሱ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። እስክስታው ሲጀመር ግን የትከሻው ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። በእጄ ካለፉት ውስጥ በእርግጥ የተበላሹት ጥቂት ናቸው። በቀሩት ላይ ስህተቱ ያለው ፋይሉ ስለራሱ በሚሰጠው መረጃ ወይም ሥራው በተሠራበት ቅደም ተከተል ላይ ነው።

የዚህ ዓይነት ካሜራ የሚቀርጸው በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ሳይሆን 50 ግማሽ ምስል ነው። ግማሹ ፊልድ ይባላል፤ ቁመቱ 288 መስመር ነው። አንዱ ፊልድ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መስመር ይይዛል፤ ሌላው 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን። በሁለቱ መካከል 20 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትከሻው ቦታ ስለሚለቅ፣ ሁለቱ በአንድ ፍሬም ላይ ሲጣመሩ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። እንዲህ በፊልድ የተጣመረ ቪዲዮ ነው ኢንተርሌስድ የሚባለው። የቆመ ነገር ላይ ምንም የማይታየውም ለዚሁ ነው።

ምንም ሳልነካ በመጀመሪያ የማጣራው ችግሩ ከፋይሉ ይሁን ከማጫወቻው ነው። በኤፍኤፍኤምፔግ (ቪዲዮ የሚያነብና የሚቀይር ፕሮግራም) ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አስነብበዋለሁ፤ ስህተት ብቻ እንዲዘግብና ውጤቱን የትም እንዳያስቀምጥ አድርጌ። አንድም የስህተት መስመር ካልወጣ ፋይሉ በደንብ ይነበባል ማለት ነው። ከዚያ ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ላይ በግራፊክስ ካርድ የማንበቡን አማራጭ አጠፋለሁ። ችግሩ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ የካርዱ ወይም የድራይቨሩ ነው፤ ፋይሉን እንደገና ማቀናበር አያስፈልግም። በ1080 ኢንተርሌስድ ፋይሎች ላይ ከታች የምትታይ ቀጭን አረንጓዴ መስመርም ከዚሁ ወገን ናት። ኤች 264 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ ምስሉን በ16 በ16 ፒክስል ስለሚከፋፍል 1080ውን መስመር 1088 አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ማጫወቻው ትርፉን 8 መስመር ሳይቆርጥ ካሳየ ትርፉ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል።

በዲቪ ፋይል (ከሚኒዲቪ ካሴት በሚገኘው) ላይ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ወይም አግድም የተቆራረጡ ሰቆች ከታዩ ግን ነገሩ ከኢንተርሌስ ጋር አይገናኝም። ካሴቱ ሲነበብ መረጃ ጎድሏል። የካሴት ማጫወቻውን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) አጽድቶ ካሴቱን እንደገና ማስነበብ ነው እንጂ የትኛውም ፊልተር (ምስሉን የሚያቀናብር የፕሮግራም ክፍል) የጎደለውን አይመልሰውም።

ቀጥሎ የፊልዶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውም ይኸው ነው። ዲቪ ምንጊዜም የታችኛውን ፊልድ ያስቀድማል። ኤችዲቪና ኤቪሲኤችዲ የተባሉት የኤችዲ ካሜራ ቅርጸቶች የላይኛውን ያስቀድማሉ። የዲቪ ቅጂ በሌላ ፕሮግራም ሲያልፍ አንዳንዴ «የላይኛው ይቀድማል» ወይም «ፕሮግሬሲቭ ነው» (በፊልድ ያልተከፈለ ሙሉ ምስል ነው) የሚል የተሳሳተ ምልክት ይለጠፍበታል። ስለዚህ ምልክቱን አላምንም። የኤፍኤፍኤምፔግን አይዴት ፊልተር ብዙ እንቅስቃሴ ባለበት ቦታ በ500 ፍሬም ላይ አስኬዳለሁ። ስለ ቅደም ተከተሉ ከሚያወጣቸው ሁለት ዘገባዎች የማነበው በብዙ ፍሬም ንጽጽር የተሠራውን ነው፤ በነጠላ ፍሬም የተሠራው ቶሎ ይሳሳታል። የቆመ ሰው ያለበት ቦታ ከተመረጠ ውጤቱ «አልታወቀም» ወይም «ፕሮግሬሲቭ» ይሆንና ያሳስታል።

ጥርጣሬ ከቀረ ዓይን ይፈርዳል። በሰፓሬትፊልድስ ፊልተር ፊልዶቹን ለያይቼ አንድ በአንድ አሳልፋለሁ። እጅ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዝ ከታየ በየፊልዱ ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ የሚል ከሆነ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ይህን ሙከራ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ አሻሚም አይደለም።

ለማስተካከል ሁለት ፊልተሮች አሉ፤ እነሱን ማምታታት አዲስ ችግር ይፈጥራል። ሴትፊልድ ምልክቱን ብቻ ይቀይራል፤ ምስሉን አይነካም። ፊልድኦርደር ምስሉን ራሱን በአንድ መስመር ያንሸራትታል። ምስሉ ትክክል ሆኖ የተሳሳተው ምልክቱ ከሆነ የሚያስፈልገው ሴትፊልድ ነው።

ቀለም ላይ የሚታየው ብልሽት ለብቻው ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ አጉልቼ ስመለከት፣ ነጩ ጨርቅ ንጹህ ሆኖ የቀዩ ጥለት አግድም ጠርዝ ግን በቀጫጭን መስመሮች ተሸንትሮ አገኘሁት። የፓል ዲቪ ቀለም 4:2:0 ነው፣ ማለትም የቀለሙ መረጃ በወርድም በቁመትም በግማሽ የተቀነሰ ነው፤ እያንዳንዱ ፊልድ የራሱ የቀለም መስመሮች አሉት። ፕሮግራሙ ምስሉን ሙሉ ፍሬም ነው ብሎ ወደ ሌላ የቀለም አቀማመጥ (ወደ አርጂቢ ወይም ወደ 4:2:2) ሲቀይረው የአንዱ ፊልድ ቀለም በሌላው መስመር ላይ ያርፋል። ኢንተርሌሱ ከመወገዱ በፊት እንዲህ ያለ ቅየራ ግድ ከሆነ የስኬል ፊልተሩን የኢንተርሌስ አማራጭ 1 ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በኤንቲኤስሲ (በዚያ የቲቪ ሥርዓት) የተቀረጸ የዘመድ ካሴት ላይ ይህ ሽንትር አይመጣም፤ እዚያ ዲቪ 4:1:1 (ቀለሙ በወርድ ብቻ ወደ ሩብ የተቀነሰ) ስለሆነ ቀለሙ የሚሳሳው ወደ ጎን ነው።

ኢንተርሌሱን የማስወግደው ቢደብልዩዲፍ በተባለው የኤፍኤፍኤምፔግ ፊልተር ነው፤ ያዲፍም ይሠራል፣ ግን በዘንበል መስመሮች ላይ የመጀመሪያው ይሻላል። ሞዱን ሰንድ ፊልድ ላይ አደርገዋለሁ፤ 25 ፍሬሙ 50 ይሆናል፣ እስክስታውም ለስላሳነቱን አያጣም። ሰንድ ፍሬም 25 ብቻ ስለሚያወጣ ከተቀረጸው እንቅስቃሴ ግማሹ ይጣላል። ፓሪቲውን (የትኛው ፊልድ እንደሚቀድም የሚነግረውን አማራጭ) ለዲቪ በእጄ «የታችኛው ይቀድማል» እለዋለሁ። ፊልተሩ ኢንተርሌስድ ምልክት ያላቸውን ፍሬሞች ብቻ እንዲነካ ማዘዝም አደገኛ ነው፤ በስህተት «ፕሮግሬሲቭ» የተባለ ፋይል ከነጥርሱ ያልፋል። ቪኤልሲ በራሱ እንዲወስን ሲተው አንዳንዴ ምንም የማያደርገውም ለዚሁ ነው፤ በእጅ ማብራት ነው።

መቁረጥም ሆነ መጠን መቀየር ሁሌም ከዚህ በኋላ ነው። ከላይ አንዲት መስመር እንኳ አስቀድሞ ቢቆረጥ የፊልዶቹ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። የቪኤችኤስ ቅጂ ግርጌ ላይ የሚርገበገበውን ጥቂት መስመር ቆርጬ የምጥለው ኢንተርሌሱ ከተወገደ በኋላ ነው። በመጨረሻ ለ4:3 ምስል መጠኑን 768 በ576 አድርጌ፣ በኤክስ264 (ኤች 264 በሚጨምቀው ፕሮግራም) በሲአርኤፍ 18 የጥራት ደረጃ አስቀምጠዋለሁ። ዋናው የዲቪ ፋይል እንዳለ ይቀመጣል፤ አይሰረዝም።

ከኤቪሲኤችዲ ካሜራ የወጡ ኤምቲኤስ ፋይሎች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ካሜራው ረጅም ቀረጻን ብዙ ፋይል አድርጎ ይከፋፍለዋል፤ መቁረጫው ነጥብ ላይ ፍሬሞች ለሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ከተቀናበረ መጋጠሚያው ላይ ምስሉ ለአፍታ ይፈራርሳል። ፋይሎቹን በተራቸው፣ ምንም ሳይቀናበሩ፣ ባይት በባይት አገናኝቶ ከዚያ ማስነበብ ያድናል።

የማይመለስ አንድ ዓይነት አለ፦ ኢንተርሌሱ ሳይወገድ ቁመቱ የተቀየረ ወይም ከኤንቲኤስሲው 29.97 ወደ ፓሉ 25 ፍሬም ሲቀየር ፍሬሞቹ የተቀላቀሉበት ቅጂ። የመጀመሪያው ላይ ጥርሱ ወፍራም፣ ደብዛዛና ወጣ ገባ የሚል ሰቅ ይሆናል፤ ሁለተኛው ላይ አንድ እጅ ሁለት ጥላ ያወጣል። መስመሮቹ እርስ በርስ ስለተዋሃዱ ቢደብልዩዲፍ የሚለየው ፊልድ አያገኝም። እንዲህ ያለ ፋይል ሲደርሰኝ የምጠይቀው ካሴቱ ወይም የመጀመሪያው ቅጂ የት እንዳለ ነው።