ውጤት ሳይወጣ ምርቃት

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ። እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ፣ አደረሰን።

ዛሬ ጠዋት ደሴ ላይ ጉም የለም። ክረምቱን ሙሉ ተሸፋፍኖ የከረመው ጦሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግርጌው ላይ አደይ አበባ ፈክቷል። የሰፈራችን ሴቶች ልጆች «አበባ አየሽ ሆይ» እያሉ በራችን ላይ ሲደርሱ ቡናው ገና አልተቆላም ነበር። ከኋላቸው አንድ ሚጢጢ ልጅ ተከትሎ በቀለም እርሳስ የሣላትን እንቁጣጣሽ ሰጠኝ። የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው ይበልጣል። ነገ ሱቅ ግድግዳዬ ላይ እለጥፋታለሁ።

ሌላ ጊዜ የበዓል መልእክቴ አጭር ናት። ዛሬ ግን ትንሽ ታገሡኝ። ልቤ ያለው «አበባ አየሽ ሆይ» የማለት ዕድሜ ካለፋቸው ልጆች ጋር ነው። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት ጋር። ውጤታቸው አልወጣም። ጳጉሜን ሙሉ «ዛሬ ማታ ይለቀቃል» ሲባል ሰነበተ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥተው ስልክ የሚያዩ ልጆች አሉ። እናቶቻቸውም አብረው ይነቃሉ፤ አይናገሩም እንጂ።

ለማታውቁኝ፣ ደሴ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ልጆቹን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። መምህር ልጅን በደብተሩ ያውቀዋል፤ እኔ በሚያስባዛው ወረቀት አውቀዋለሁ። ማን ያለፉትን ዓመታት ጥያቄ ከመስከረም ጀምሮ እንደሚሰበስብ፣ ማን በመጨረሻው ሳምንት እየሮጠ እንደሚመጣ፣ ማን ዝም ብሎ ለጓደኛው እንደሚከፍል። በ2017 ደግሞ የምረቃ መጽሔታቸውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የምትገባዋን «ላስት ወርድ»፣ የተመራቂውን የመሰናበቻ ቃል፣ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አውቃቸዋለሁ የምላቸውን ልጆች ምን ያህል እንደማላውቃቸው ያኔ ነው የገባኝ።

ከኩታበር ገጠር የመጣ ልጅ አለ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የተማረው። ዓርብ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶ። ለሦስት አንድ መጽሐፍ ስለነበራቸው ምዕራፍ በምዕራፍ ኮፒ እያደረጉ ይካፈሉታል። አንድ ቀን ብር ጎደለበትና «ጋሼ፣ እስከ እሑድ ይታገሡኝ» አለኝ። እኔ ረስቼው ነበር። እሑድ ማታ ሱቁ ተዘግቶ ሲያገኘው ቤቴ ድረስ ጠይቆ መጣ። ብሩንም ይዟል፤ እናቱ የላከችልኝን በሶም ይዟል።

ሌላው በሁሉም ፎቶ ውስጥ አለ። በከለር ዴይ ፊቱን በቀለም ለቅልቆ፣ በባህል ቀን የአያቱን ኩታ ደርቦ። ተረብ ሲጀምር ሰልፉ ይፈርሳል። የሱን ላስት ወርድ ሁሉም በጉጉት ነበር የሚጠብቀው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ሰጠኝና ወጣ። ስከፍተው «እናቴ፣ ጨረስኩልሽ» ይላል። ሁለት ቃል። እናቱ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ይቸረችራሉ። ልጁ በየምሽቱ ጆንያውን ተሸክሞ አብሯቸው እንደሚገባ ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት።

የሁለቱን ሴቶች ልጆች ነገር ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገጠሙ። አንዷ ሂጃብ ለባሽ ናት፣ አንዷ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ያን ወር ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ሲበላ እነሱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣሉ። ማታ አዛን ሲል ቴምሯን ታወጣለች። ቴምር የጾም ምግብ ነውና ለሁለት ይካፈሉታል። መጽሔቱ ላይ ፎቷችን ጎን ለጎን ይሁንልን አሉኝ። «በፊደል ተራ ነው፣ አይሆንም» ብዬ መለስኳቸው። በማግስቱ ኮሚቴውን አሳምነው መጡ። አሁን መጽሔቱን ስትገልጡ ተራው የተሳሳተበት አንድ ገጽ አለ። እሱ ገጽ የነሱ ነው።

አንድ ዝምተኛ ልጅም ነበር። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም አሉኝ። ለመጽሔቱ ግን ስለ አይጠየፍ አዳራሽ አንድ ገጽ ጽፎ አመጣ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ለምን አይጠየፍ እንደተባለ፣ ድሃውም ሀብታሙም እንዴት እንደሚገባበት። ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ። ስሙን እንደ ቃል ያሰብኩት ያኔ ነው።

የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ አለች፣ የቀይ መስቀል ክበቡ አለ፣ ክረምት ላይ ችግኝ ሲተክሉ የዋሉት አሉ፣ ሁለት ጣቱ ተሰብሮ የኳስ በረኛነቱን ያልለቀቀው አለ። ሁሉንም ልጽፍ ብል በዓሉ ያልፋል።

እነዚህ ልጆች የመጡበትን መንገድ ብቻ አስቡት። መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ሰባተኛ ክፍል ነበሩ። በ2014 ዘጠነኛ ክፍል ሊገቡ ሲሉ ትምህርት ቤቶቻችን በተፈናቀሉ ወገኖቻችን ተሞሉ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ራሱ ከተማችን ገባ። ብዙዎቻችን ወጣን። ኅዳር አልቆ ስንመለስ ሱቄ ውስጥ ማሽን አልነበረም። ወረቀቱ መሬት ላይ ተበትኗል። ምኑን ከምን እንደምጀምር ጠፍቶኝ ቆሜያለሁ። አንድ ቀጭን ልጅ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ላግዝዎት?» አለኝ። መጥረጊያ ከየት እንዳመጣ አላውቅም። ጠረገ፣ ወረቀቱን ለቀመ፣ ንጹሑን ከቆሸሸው ለየ። ከዚያ ወዲህ ከሱቄ አልጠፋም። ዛሬ ፕሪንተሬ ወረቀት ሲነክስ የሚፈታው እሱ ነው። የጓደኞቹን ስልክ የሚሠራውም እሱ ነው። ላስት ወርዱን ስተይብ ዓይኔ እንባ ሞላ። «ደብረ ብርሃን ላይ ላስጠጉን፣ ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ለተለየኋቸው እናት» ይላል።

በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ አሥረኛ ክፍል ነበሩ። መጽሐፉ በእጃቸው አልነበረም። ስልክ ያለው በፒዲኤፍ አነበበ። ስልክ የሌለው ስልክ ካለው ትከሻ ላይ ተደግፎ አነበበ።

ፈተናው ደግሞ የሚቀልድ አይደለም። ማለፊያውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት ውስጥ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። የኛ መጽሔት አንድ ገጽ ላይ ስድስት ፎቶ አለ። በ2016ቱ ሒሳብ ከሄድን ከሦስት ገጽ አንድ ልጅ ማለት ነው። ከፈተናው በኋላ አንድ ማታ ይህን ሒሳብ ሠርቼ መጽሔቱን ከፈትኩት። ሦስት ገጽ፣ ሦስት ገጽ እያልኩ ገለጥኩ። ከየሦስቱ አንዱን መምረጥ አልቻልኩም። ዘጋሁት።

ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር ልንገራችሁ። በ2016 ጳጉሜ ላይ የዚያ ዓመት ውጤት እንደወጣ አንድ ልጅ በሱቄ በር ሲያልፍ ጠራሁት። አራት ዓመት ሙሉ እየገባ እየወጣ ያደገ ልጅ ነው። እንኳን አደረሰህ አላልኩትም። ደኅና ነህ ወይ አላልኩትም። «ስንት አመጣህ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። ቁጥሩን ነገረኝና ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ በኔ በር አያልፍም። ከመንገዱ ማዶ ሲሄድ አየዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከነከነኝ።

ምረቃ የምንለው ቃል ከምርቃት ጋር አንድ ነው። ሁለቱም መረቀ ከሚለው ነው የወጡት። ወሎ ውስጥ ደግሞ ምርቃት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዱበርቲዎቹ፣ መራቂ እናቶቹ፣ ቡናው ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ቤቱ አሚን ይላል። መንገደኛ የሚመረቀው ሊሄድ ሲነሣ ነው። ስንቁ ታስሮ፣ እግሩ ደጅ ላይ ሳለ። ምን ይዞ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። አያቴ እናቶችን ሰብስባ ለንግድ የሚወጣውን አጎቴን ስታስመርቅ ትዝ ይለኛል። አንዳቸውም «መጀመሪያ ያመጣኸውን አሳየን» አላሉትም።

ስለዚህ ዛሬ ላስቸግራችሁ ነው። በየቤታችሁ፣ በየጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ወደ ቡናው ጥሩት። ስንት ትጠብቃለህ አትበሉት። ስለ በረኛነቱ ጠይቁት። ስለ ሣለው ሥዕል፣ ስለ ጻፈው ግጥም፣ ስለ ጓደኛው ጠይቁት። የሚኒ ሚዲያዋን ልጅ አንድ ነገር አንብቢልን በሏት። ከዚያ እጃችሁን ዘርጉና መርቁት። ውጤቱ የወጣ ቀን ደግሞ ቶሎ አትደውሉ። ራሱ እስኪነግራችሁ አንድ ቀን ስጡት። ሬሜዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ ደግሞ መፈተን አለ፤ እሱን ሁሉ በሳምንቱ ታወሩታላችሁ።

አሁን ቡናው ደርሷል። እናቴ ዕጣኑን አጭሳ ጠርታኛለች። እኔም የድርሻዬን ልመርቅ፤ እናንተ አሚን በሉ።

ከኩታበር ስንቅ እየተሸከመ የተማረውን ልጅ ጫንቃውን ያሳርፍለት። ሰኞ ገበያ ያሉት እናት የልጃቸውን ወግ ማዕረግ ይዩ። ቴምር የተካፈሉትን ሁለቱን አይለያቸው፤ ቢለያያቸውም ለበዓል ያገናኛቸው። ዝምተኛው ልጅ የሚሰማው ሰው አይጣ። የደብረ ብርሃኗን እናት ስማቸውን የሚያውቅ ፈጣሪ ይክፈልልን፤ ወረቀቴን የለቀመልኝን ልጅ እጁን ይባርክለት። ሌሊት ስልክ የሚያዩት እንቅልፍ ይውሰዳቸው።

ማዶ ለማዶ የሚሄደውም ልጅ በኔ በር ይለፍ። ቡና አፍልቼ እጠብቀዋለሁ።

አሚን። መልካም አዲስ ዓመት።