ሰማያዊዋ ቮልስ

ዛሬ ግንቦት 12 ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 20፣ 2025። የቀድሞው የኡራጓይ ፕሬዝዳንት ሆሴ ሙሂካ አንድ ሳምንት ብቻ ቢቆዩ ኖሮ ዛሬ 90 ዓመት ይሞላቸው ነበር። የኡራጓይ ሰው "ፔፔ" እያለ ነው የሚጠራቸው። ያረፉት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ካንሰር እንዳለባቸው ራሳቸው ለሕዝብ ከተናገሩ ዓመት አልፏል።

ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የማየው ያንኑ ፎቶ ነው። ሽማግሌው እና ሰማያዊዋ ቮልስ። ከሥሩም "የዓለም ድሃው ፕሬዝዳንት" ይላል። ከ2010 እስከ 2015 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አገር ሲመሩ ቤተ መንግሥት አልገቡም። ከሞንቴቪዴኦ ዳር ባለችው የአበባ እርሻቸው ነበር የሚኖሩት። ባለቤታቸው ሉሲያ ቶፖላንስኪ አብረዋቸው ነበሩ፤ ሦስት እግር ብቻ የነበራት ውሻቸው ማኑዌላም ነበረች። ከደመወዛቸው 90 በመቶ ገደማ ይለግሱ ነበር። በ2010 ሀብታቸውን ሲያስመዘግቡ የተጻፈው ያቺ የ1987 ስሪት ቮልስ ብቻ ናት። ዋጋዋ 1,800 ዶላር።

እኔንም መጀመሪያ የሳበችኝ መኪናዋ ናት። አባዬ ቮልስ ነበረው፤ ነጭ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው የቮልስን ድምፅ መግለጽ አያስፈልግም። የአባዬን ከሰፈሩ ቮልሶች ሁሉ ለይተን እናውቀው ነበር። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ እማዬ እራት ማቅረብ ትጀምራለች። እኔና ወንድሜ በሩን ለመክፈት እንሽቀዳደማለን።

አባዬ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። አርባው ሳይወጣ ወንድሜ መኪናዋን ሸጣት። አላማከረኝም። የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወንድሜ ጋር በወጉ ተነጋግረን አናውቅም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንጨባበጣለን፣ በቃ።

ስለ ሙሂካ ባነበብኩ ቁጥር ግን ያ ፎቶ እያነሰብኝ መጣ። መኪናዋ የሰውየው ታሪክ ትንሿ ክፍል ናት።

በወጣትነታቸው ቱፓማሮስ የሚባል የከተማ ደፈጣ ተዋጊ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ቡድኑ ባንክ ዘርፏል፣ ሰው አግቷል፣ ሰው ገድሏል። እኔ ይህን ዘልዬ ሰውየውን ማመስገን አልችልም። ጠመንጃ ያነሱት ደግሞ ወታደሮቹ ሥልጣን ከመያዛቸው ከዓመታት በፊት ነው፤ በምርጫ በመጣ መንግሥት ላይ። በ1970 ከፖሊስ ጋር ተታኩሰው ስድስት ጥይት ተመቱ። ተረፉ። በ1971 ከፑንታ ካሬታስ እስር ቤት 111 ሰዎች ከመሬት በታች በተቆፈረ መተላለፊያ ሲያመልጡ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ያ እስር ቤት ዛሬ የገበያ ማዕከል ሆኗል፤ ሰው ጫማና ልብስ ይገዛበታል። በ1972 እንደገና ተያዙ።

በ1973 ሥልጣኑ በወታደሮቹ እጅ ገባ። ዘጠኝ የቱፓማሮስ መሪዎችን ከሌሎቹ እስረኞች ለይተው ታጋች አደረጓቸው። ውጭ ያሉት ጓዶቻቸው አንድ ነገር ቢሞክሩ እነዚህ ይገደላሉ ማለት ነው። ከአንዱ ጦር ካምፕ ወደ ሌላው እያዞሩ፣ ለየብቻ፣ ለዓመታት። ሙሂካ መጽሐፍ ሳያዩ፣ የሰው ድምፅ ሳይሰሙ የቆዩበት ጊዜ ረጅም ነው። አእምሯቸው እስከመታወክ ደርሶ ነበር። ጉንዳን ወደ ጆሮ ሲያስጠጉት እንደሚጮኽ የተማርኩት እዚያ ነው ብለዋል። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ምን ያህል ብቻውን ቢሆን ነው የጉንዳን ድምፅ የሚሰማ?

በ1985 በምሕረት ሲፈቱ 50 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርተዋቸው ነበር። ተመልሰው አበባ ተከሉ። ፖለቲካም ገቡ፤ አሁን በምርጫ።

እኔን የያዘኝ ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20፣ 2020 ነው። የ85 ዓመቱ ሙሂካ ከሴኔት የተሰናበቱበት ቀን። በዚያው ቀን ሌላም ሰው ተሰናበተ፤ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ሁሊዮ ማሪያ ሳንጊኔቲ፣ 84 ዓመታቸው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ተቃራኒ ነበሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የኮሮና ጭምብላቸውን እንዳደረጉ ምክር ቤቱ መሐል ተቃቀፉ። ሙሂካ በስንብት ንግግራቸው፣ በአትክልት ቦታዬ ጥላቻ ካልዘራሁ አሥርት ዓመታት አልፈዋል አሉ። ምክንያቱንም ተናገሩ። ጥላቻ ያጃጅላል፣ ነገሮችን እንዳሉ እንዳናይ ያደርገናል።

ያጃጅላል። ሌላ ሰው ቢሆን ኃጢአት ነው ይል ነበር፤ ወይም ጤና ይጎዳል። እሳቸው ግን ማየት ይከለክላል ነው ያሉት። ያን ሁሉ ዓመት ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ማየት ሲናገር አምነዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። ልደታቸው ግንቦት 12፣ በፈረንጆቹ ሜይ 20፣ ሞንቴቪዴኦ ውስጥ ሌላም ቀን ነው። ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ በዚህ ምሽት ሰዎች የጠፉ ዘመዶቻቸውን ፎቶ ይዘው ይሰለፋሉ። በወታደሮቹ ዘመን የት እንደደረሱ ያልታወቁ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች አሉ። መፈክር የለም። በዝምታ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ የጠፉት ስም አንድ በአንድ ሲጠራ ሕዝቡ "አለ!" ብሎ ይመልሳል። አሁን ይህን ስጽፍ እዚያ ገና ቀን ነው። ማታ ይወጣሉ።

እነዚህ ቤተሰቦች ዕርቅን የሚሰሙት እንደ እኔ አይደለም። ወታደሮቹን ከክስ የጠበቀው የ1986 ሕግ የወጣው በሳንጊኔቲ ጊዜ ነው። ሙሂካም ያረጁ ወታደሮችን እስር ቤት ማየት እንደማይፈልጉ ተናግረው ነበር። ልጇን ለምትፈልግ እናት ይህ ምን ያህል እንደሚመር አስባለሁ። እኔ የሚመስለኝ፣ ሙሂካ በራሳቸው ላይ የተሠራውን ይቅር ማለት ይችላሉ። ስድስቱ ጥይት የእሳቸው ነው፤ ዓመታቱም የእሳቸው ናቸው። የእነዚያን እናቶች ግን ማንም በእነሱ ፈንታ ይቅር ሊል አይችልም። ደግሞም እናቶቹ የሚጠይቁት በቀል አይደለም። ልጆቻችን የት ናቸው ነው የሚሉት። መልስ ይገባቸዋል።

የእኔ ነገር ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፤ አውቀዋለሁ። ግን ሳምንቱን ሙሉ ያቺ "ያጃጅላል" የምትል ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣችም። ትናንት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ታየኝ። ወንድሜ መኪናዋን ለምን እንደሸጣት ጠይቄው አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ። ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ለእማዬ፣ ለጓደኞቼ፣ ለአክስቴ። አርባው ሳይወጣ ሸጣት፣ አርባው ሳይወጣ። እሱን ግን አልጠየቅኩትም። አባዬ ሆስፒታል በቆየባቸው ወራት ወጪውን ማን ይከፍል እንደነበረም አልጠየቅኩም። አስቤውም አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ደወለች።

"እሁድ ወንድምህ ለምሳ ይመጣል" አለችኝ። ሁልጊዜ ትነግረኛለች። ሁልጊዜም ሥራ አለብኝ እላታለሁ።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። "ስድስት ሰዓት ተኩል" አለች፤ "ግን አንተ ቀደም ብለህ ና።"

ሙሂካ እንደተመኙት ማረፊያቸው እርሻቸው ላይ ነው፤ ማኑዌላ የተቀበረችበት ዛፍ ሥር። እኔ እሁድ አምስት ሰዓት ላይ እማዬ ቤት እሆናለሁ። መጀመሪያ ምን እንደምለው አላውቅም። ስለ ሆስፒታሉ ግን እጠይቀዋለሁ።