አቦ፣ ርዕስ ወርውርልኝ አትበሉኝ

«አንተ እንግሊዝ አይደለህ እንዴ? ለኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ማስተርስ አንድ ርዕስ ወርወር አድርግልኝ አቦ!» የሚለው የድሬ ልጅ በዛ። ርዕሱ እኮ እናንተው ጋ ነው፤ ከዚራ ያለው ሳይት ቢሮ ውስጥ፣ አቧራ የጠጣ የክፍያ ፋይል ላይ።

«በድሬዳዋ ፕሮጀክቶች የመዘግየት መንስኤዎች» ብሎ የመጣ እዚህ መጠጊያ ያጣል። እኛ ጋ 30 ሰው መጠይቅ ላይ ለእያንዳንዱ መንስኤ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሞላል፣ ድምሩ ለ150 (30 ሲባዛ በ5) ይካፈላል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ይመረቃል። እዚህ ግን ፈታኙ «ክፍያ ሲቆም ሥራ እንደሚቆም ለማወቅ 30 ሰው ማድከም ምን አመጣው?» ይላል። ላብ በላብ! የክፍያ መዘግየት በ129 ነጥብ 0.86፣ የሲሚንቶ እጥረት በ126 ነጥብ 0.84 ቢያመጡ፣ አራት ሰዎች ለሲሚንቶው የሰጡትን 4 ወደ 5 ቢቀይሩ ደረጃው ተገለበጠ። በርጫ ላይ የተሞላ መጠይቅማ ከምርቃና በኋላ ሁሉም 5 ነው።

ይልቅ የክፍያ ሰርተፍኬቶችን (ለተሠራ ሥራ ክፍያ የሚጸድቅባቸውን ወረቀቶች) ሰብስቡ። ለእያንዳንዱ ሦስት ቀን መዝግቡ፦ ኮንትራክተሩ ያስገባበት፣ ኮንሰልታንቱ ያጸደቀበት፣ ብሩ የገባበት። በ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙና) ኢንጂነሩ፣ ማለትም ኮንሰልታንቱ፣ የክፍያ ጥያቄው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ሰርተፍኬት ያወጣል፤ አሠሪው ጥያቄው ኢንጂነሩ ጋ ከደረሰበት ከዚያው ቀን ተቆጥሮ በ56 ቀን ውስጥ ይከፍላል። የውላችሁ ልዩ ሁኔታ ሌላ ካለ መለኪያችሁ እሱ ነው። ወረቀቱ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ሲታይ፣ ያኔ ፋይሉን ይዛችሁ ባለቤቱን «ይቺ ለምን ቆየች?» በሉት።

ቀን ስትቀንሱ ጳጉሜን እንዳትረሱ። ነሐሴ 25 ገብቶ መስከረም 10 የተከፈለ 20 ቀን ነው፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን 21። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቃትም፣ ዘሏት ያልፋል። የሰኔውንም ለብቻ እዩት፤ ሐምሌ 1 አዲስ በጀት ስለሚገባ ሰኔ ላይ የሚከፈለው በሌላው ወር ሚዛን አይመዘንም።

ደግሞ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይወጣ የተሰበሰበ መረጃ እዚህ አይቆጠርም፣ ተመልሶ መሰብሰብ ነው። የስምምነት ቅጽ አስፈርሙ ይሏችኋል፤ የእኛ ፎርማን ደግሞ «ምን ልታስፈርመኝ ነው?» ብሎ ብድግ ይላል። ስለዚህ በቃል መስማማት እንዲበቃ ማመልከቻው ላይ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። የትብብር ደብዳቤውንም ማህተም አስመትታችሁ ያዙ። ፈረንጅ በኢሜይል የላከውን ወረቀት አትማችሁ ድሬ ቢሮ ስትገቡ፣ ጸሐፊዋ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን ታየውና «ማህተሙስ?» ትላለች።