የዓይን ሌዘር ከመሠራቴ በፊት ሁለት ሳምንት በኮንታክት ሌንስ

ቀኝ ዓይኔ ማይነስ 1፣ ግራው ማይነስ 5.50 ነበር፤ ሁለቱም ሩቁን አያጠሩም፣ ግራው ግን በጣም ይብሳል ማለት ነው። ቡና ስቀዳ ከሲኒው አፍ አልፎ ረከቦቱ ላይ ይፈስብኛል፣ ርቀቱን መለካት አልችልማ። መነጽር ሳደርግ ደግሞ በግራ የማየው ነገር ከቀኙ አንሶ ስለሚታየኝ ሁለቱ ምስሎች አልገጥም ይሉና ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኛል። ሲደክመኝ ግራ ዓይኔ ወደ ውጪ ይሸሻል። ሸውራራ እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

በ34 ዓመቴ ሌዘር ልሠራ ወሰንኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ለካኝ፣ ቀጠሮ ሰጠኝ፣ አለቀ። ስለ ሸውራራነቴ የጠየቀኝ የለም። እኔም ሌዘሩ አብሮ የሚያቃናው መስሎኝ ዝም አልኩ። ስህተቴ ይሄ ነው።

እህቴ ጎትታ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ዶክተሯ አንዱን ዓይኔን በካርድ ይሸፍኑና ካርዱን ወደ ሌላው ሲያሻግሩት የተከለለው ዓይን ወዴት እንደሸሸ ያያሉ፣ ደጋግመው። «ሌዘር የሚቀርጸው ኮርኒያሽን፣ ማለትም ከዓይንሽ ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ክፍል ነው፣ ይሄ ግን የጡንቻና የአንጎል ጉዳይ ነው» አሉኝ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በሁለቱም ዓይኔ ኮንታክት ሌንስ አስደረጉኝ። ከሌዘር በኋላ የሚኖረኝን እይታ ቀድሞ መሞከሪያ ነው። ዓይኑ የሚሸሽ ሰው አንዳንዴ ያኔ ነገሩ ሁሉ ሁለት ሁለት ይሆንበታል፤ ይሄ በሌንስ ጊዜ ከታወቀ አውልቆ መገላገል ይቻላል፣ ከሌዘር በኋላ ግን አይወልቅም። ለእኔ ምስሎቹ ገጠሙ፣ የራስ ምታቱም ቀለለኝ።

ሌላው በግልጽ የነገሩኝ፣ ግራ ዓይኔ በልጅነቱ መነጽር ስላላገኘ አንጎሌ እሱን መጠቀም በደንብ አልተማረም። በመነጽር ያላነበበውን መስመር ሌዘርም አያስነብበውም። ትንሽ ልጅ ያላችሁ እባካችሁ አሁኑኑ አስመርምሩ።

ሌንሱን አውልቄ ኮርኒያዬ እስኪረጋ ጠብቀን እንደገና ተለካሁ። ቀጭን ስለሆነ የላዩ ሽፋን ተፍቆ በሚሠራው ዓይነት፣ ፒአርኬ በሚሉት፣ ሠሩኝ። ሥራው ደቂቃዎች ነው። ሦስት ቀን ግን በርበሬ የገባበት ያህል አቃጠለኝ፣ መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ። እይታዬ የጠራው ከሳምንታት በኋላ ነው።

በልጅነታችሁ ዓይናችሁ ይሸሽ ከነበረ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የድሮ መነጽራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ፕሪዝም (ዓይን ሲሸሽ ሁለቱን ምስሎች ለማገጣጠም መነጽሩ ላይ የሚሠራ) ካለበት ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

አሁን ቡናው ሲኒው ውስጥ ይገባል። ማታ ማታ ግን ግራ ዓይኔ ዛሬም ይሸሻል፤ ስለ ጡንቻው ቀዶ ሕክምና ለመነጋገር ቀጠሮ ይዣለሁ።